ጢስ ዓባይን ለ17 ሰው እንዴት ላሳይ?

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው፤ መምህርት ነኝ። የትምህርት ቤታችን መምህራን የሻይ ክበብ አለን። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አርብ ከሰዓት ተነሥተን እስከ እሁድ ባሕር ዳር እንሂድ ተባለ፤ ሰብሳቢዋም እኔ ሆንኩ። 17 ሰው ነን። ኮስተር ተነጋግረን ቀብድ ከፍለናል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግማሹ ‹ጢስ ዓባይን ካላየን ምን ልንሠራ ሄድን?› ይላል። የሒሳብ መምህራችን ደግሞ ‹ውኃውን መብራት ኃይል ወስዶታል፤ የቀረው የፈረንጅ ቦታ ነው፤ አስጎብኚና ሕፃን ሲከተልህ ይውላል፤ ወጪው ለምን? የሴሚስተር ዕረፍት ይድረስና ሌላ ቦታ እንፈልጋለን› ብሎ ሌላውን ግማሽ አሳመነ። ሁለቱ ወጣቶች ሐሳባቸው ሁሉ ቲክቶክ ነው። ለጡረታ አንድ ዓመት የቀራቸው ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሴቶቹ ‹ገዳም ሴት አይገባም፤ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን ልንጠብቃችሁ ነው?› ይላሉ። ያልከፈሉም አሉ።

የራሴን ልንገርዎ። ጎጃም ተወልጄ፣ ጎጃም አድጌ ጢስ ዓባይን አይቼው አላውቅም። ቢቻለኝ ትንሽ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ባየው ደስ ይለኛል። ከሰው ነጠል ብል ግን ‹ኮራች› እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ሰብሳቢዋ ነኝ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ትዝ አለኝና ፈገግ አልኩ። አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እዚሁ ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ፣ ፏፏቴውን በድሮዋ አንድ ብር ጀርባ ላይ ካልሆነ አይተው የማያውቁ ሰዎች ሞልተዋል። ቅርብ ነዋ! ቅርብ የሆነ ነገር «ሌላ ጊዜ» ይባልለታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሩቅ እንግዳ ካልመጣ አይመጣም።

ወደ ነገሩ ልግባ። የጠየቅሽኝ «እንሂድ ወይስ እንቅር» ነው። መሄዱንስ ሂዱ። ያንቺ ፈተና ሌላ ይመስለኛል። 17 ሰው አንድ ላይ ወርዶ፣ በአንድ ፍጥነት ተራምዶ፣ አንዱን ነገር እኩል አይቶ፣ እኩል ተደስቶ እንዲመለስልሽ ትፈልጊያለሽ። ይህ የሚሆን ነገር አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ጋሼንና ቲክቶከኞቹን በአንድ ገመድ ካሰርሻቸው ሁለቱም ይነጫነጫሉ። የሚነጫነጩትም አንቺው ላይ ነው። ስለዚህ አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ብሉ፤ መሐሉን ግን ለቀቅ አድርጊው።

የሒሳብ መምህሩን አስቀድመን እንጨርሰው። ሰውየው ግማሽ እውነት ይዟል፤ ያንን አትካጂው። ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛውና ትልቁ በ1993 ተጨመረ። ሁለቱም ውኃውን የሚጠልፉት ከፏፏቴው በላይ ነው። ተርባይኑን ካዞረ በኋላ የሚመልሱት ከፏፏቴው በታች ነው። እንግዲህ የተጠለፈው ውኃ በገደሉ አይወርድም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጨረጨራ የሚባል መቆጣጠሪያ ግድብ አለ፤ ከሐይቁ የሚለቀቀው ውኃ የሚመጠነው በእሱ ነው። በዚህ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን ከሐይቁ በሌላ በኩል ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ያ ውኃ ጢስ ዓባይን ጭራሽ አያውቀውም።

እና «መብራት ኃይል ወስዶታል» ያለው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። በበጋ፣ በተለይ ከጥር ወዲህ የሄደ ሰው ሰፊ ጥቁር ገደል ላይ በአንድ ጥግ ቀጠን ያለ ውኃ ሲወርድ አይቶ፣ «ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፤ በሰው ፊት ሳይሆን በሻይ ሰዓት፣ ቀስ ብለሽ። «መቼ ነው ያየኸው?» በይው። የካቲት ወይም ሚያዝያ ካለሽ ነገሩ አለቀ።

ምክንያቱም ዓባይ የወር ጉዳይ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ሌላ ዓለም ነው። ጣና ሞልቶ የሚታየው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ፏፏቴው ሲዘረጋ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል፤ ቁመቱ ከ40 ሜትር ከፍ ይላል። ነጭ ውኃ ግን እንዳትጠብቂ። የገበሬውን ማሳ አፈር ተሸክሞ ስለሚመጣ ቡና በወተት ይመስላል። በፎቶ ላይ ነጭ አድርገው የሚያሳዩት ሰዎች አሉ፤ እኔ ድፍርሱን እመርጣለሁ። እና ቀኑን ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አድርጉት። «የሴሚስተር ዕረፍት እንጠብቅ» የሚለውን አትስሚ። ዕረፍቱ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ያን ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ትክክል ይሆናል፤ እንደ ልቡም ያፌዝባችኋል።

«የፈረንጅ ቦታ ነው» የምትለዋን ነገር ግን አልወዳትም። ፈረንጅ ስለሄደበት የኛ መሆኑ ቀረ እንዴ? በበዓል ሰሞን ብትሄጂ እኮ መንገዱን የሞላው ተማሪ፣ ጽዋ ማኅበር፣ ሙሽራና ሚዜ ነው። ሰው የሚበዛበት ቦታ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ሰው በዛ ብሎ ከመቅረት ሰው ሳይመጣ መድረስ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር ከተነሣችሁ፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ሌላው ገና ቁርስ ሲያዝዝ እናንተ ቲኬት ትቆርጣላችሁ። ቲክቶከኞቹን መቀስቀስ ከባድ ነው። «ቀስተ ደመና የሚታየው ጠዋት ነው» በያቸው። ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ላይ ቀስተ ደመና ስለሚታይ ውሸት አይሆንብሽም።

አስጎብኚና ሕፃናት ያልሽው እውነት ነው፤ ሊያሰለች ይችላል። ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ አስጎብኚ ለሁላችሁም ያዙ። ከቲኬት መቁረጫው ላይ ተነጋገሩ፤ ዋጋው ለቡድኑ በሙሉ መሆኑን፣ ጀልባውን ይጨምር አይጨምር እዚያው ለይታችሁ ጨርሱ። ቀድሞ የተነጋገረ ሰው በኋላ ፊቱ አይጠቁርም። አስጎብኚ ካላችሁ ሌላው ሰው ብዙም አይጠጋችሁም፤ እሱ ራሱ ይመልሳቸዋል። ሕፃናቱን በተመለከተ እናንተ መምህራን ናችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሳንቲም መበተን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ሥራ ይሆንባቸዋል። መርዳት ከፈለጋችሁ በመንገዱ ዳር ከተቀመጡት እናቶች ግዙ። ያጌጠ ቅል አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ጀበናውን ጥዳ የምትጠብቅም አለች። ቡናውን ስትመለሱ ጠጡ፤ ስትሄዱ ከተቀመጣችሁ አትነሡም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወደ ፏፏቴው የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ያንቺን ችግር የሚፈቱልሽ እነሱ ናቸው። አንደኛው ረጅሙ ነው። ከመንደሩ ወደ ሸለቆው ወርዶ በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። የፖርቹጋሎች ድልድይ ይሉታል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። የታሪክ መምህር ካላችሁ እዚያ ላይ ንግግር ያደርግላችኋል፤ አምስት ደቂቃ ስጡት። ከዚያ ዳገት አለ። ዳገቱ ላይ ስትደርሱ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል። ቀጥሎ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፤ ሰው ሲበዛበት ይወዛወዛል። ወጣቶቹ ሆን ብለው ይዘሉበታል፤ ተቆጪያቸው። ሁለተኛው አጭሩ ነው። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በሞተር ጀልባ ተሻግሮ፣ በማሳ መሐል ትንሽ ተራምዶ ይደርሳል። ሁለቱ መንገዶች ፏፏቴው ዘንድ ይገናኛሉ፤ በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስም ይቻላል።

በቃ፣ መፍትሔው ይኸው። ጋሼ፣ ጉልበት የሚያማቸው ሌሎችም፣ ዳገት የማይወዱም በጀልባው ይሂዱ። ሌላው በድልድዩ ይዙር። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ማንም «በእኔ ምክንያት ዘገዩ» ብሎ አይሳቀቅም። አንድ ነገር ብቻ፦ ጋሼን «እርስዎ ስለማይችሉ» ብለሽ እንዳትልኪያቸው። ጡረታ የቀረበ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ያመዋል። «ጋሼ፣ የጀልባውን ቡድን እርስዎ ይምሩልን» በያቸው። ጀልባው በዕለቱ የሚሠራ መሆኑን ቲኬት ስትቆርጡ አረጋግጪ፤ ካልሠራ ዕቅድሽ ሊለወጥ ነው።

የቡድን ፎቶውን እንደተገናኛችሁ ወዲያው ተነሡ። ብዙ ቡድን ፎቶውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ ከዚያ አንዱ ቡና ሲጠጣ፣ ሌላው ሲፈለግ፣ የቀረው ሲቆጣ ሰዓቱ ያልቃል። ፎቶው ካለቀ ሰው ሁሉ ነፃ ነው። እንዲህ በያቸው፦ «ከአሁን ጀምሮ አንድ ሰዓት የየራሳችሁ ነው። በዚህ ሰዓት እዚህች ዛፍ ሥር እንገናኛለን።» ሰዓቱን በቁርጥ ተናገሪ። በስልክ እንገናኛለን እንዳትሉ፤ የውኃው ድምፅ ይውጠዋል፤ ቢጠራም አትሰሙትም።

አየሽ፣ ይቺ አንድ ሰዓት ላንቺም ናት። ለሁሉም የተሰጠ ሰዓት ስለሆነ «ኮራች» የሚልሽ የለም። ተናግረሽ የሄድሽ ሰው ነሽ፤ ሳትናገሪ የጠፋሽ አይደለሽም። እኛ አገር ሰውን የሚያስከፋው ሳይነግሩት መለየት ነው። ሰው ከሚሰበሰብበት ትንሽ ራቅ ብለሽ፣ ውኃው ከማይረጭሽ ቦታ ተቀመጪ። ወደ ሥሩ ከቀረብሽ ግን የስልክሽ መስታወት በጤዛ ይሞላል፤ በነጠላሽ ጫፍ ስትጠርጊው ይብስ ይጨማለቃል። ያኔ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። እንዲህ ብዬ አንድ ጓደኛዬን መክሬያት ተቆጥታኝ ነበር፤ ፎቶ ይዞ ያልተመለሰ ሰው አልሄደም ይባላል ብላ። እውነቷን ነው። ግን ከወጣቶቹ አንዱ መቶ ፎቶ ስለሚያነሣ ያንቺም እዚያ ውስጥ አይጠፋም፤ በቴሌግራም ይልክልሻል።

መንገዱ ክረምቱ እንደወጣ ጭቃ ነው። በተለይ በፏፏቴው አጠገብ ድንጋዩ ያዳልጣል። ሸበጥና ተረከዝ ያለው ጫማ የያዘች ካለች ከመኪናው ሳትወርድ ተመልከቻት። ልጆቹ ዱላ ያቀርቡላችኋል፤ ያዙት፣ ይጠቅማል። ወደ ገደሉ ጫፍ ተጠግቶ ሰልፊ የሚነሣውን ግን ምንም ይሉኝታ ሳይዝሽ መልሺው። ሰብሳቢ መሆንሽ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሴቶቹ ስለ ገዳም ያሉትን እንየው። የጣና ደሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥርዓት የላቸውም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህ የቆየ የገዳም ሥርዓት ነው፤ ጀልባ ላይ ሆኖ መከራከር አያዋጣም። ዘጌ ያሉት እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ሴትም ወንድም ይገባባቸዋል። ደብረ ማርያምም እንደዚያው፤ እሷ ደግሞ ለከተማው በጣም ቅርብ ናት። ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ሴት የምትገባበት ብቻ ሳይሆን ሴት ያሠራችው ነው። ሩቅ ስለሆነ ግን በሁለት ቀን ጉዞ አይታሰብም። ስለዚህ ክብራንን ተዉት፤ ወደ ዘጌ ሂዱ። ግማሹን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ግማሹ የሚገባበት ቦታ ለቡድን አይሆንም።

ጣና ላይ የጠዋትና የከሰዓት ልዩነት አለ። ጠዋት ውኃው ዝም ይላል፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣና ጀልባውን ያንገላታዋል። መዋኘት የማይችል ሰው ያለበት ቡድን ከሰዓት ምን ያደርጋል? እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀልባ ያዙ። ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። 17 ሰው በአንድ ጀልባ አትታጨቁ፤ ለሁለት ተከፈሉ፤ ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ መኖሩን ሳትሳፈሩ ቁጠሪ። «አለ፣ አለ» ሲሉሽ «አሳዩኝ» በይ። ባለ ጀልባው መሐል ላይ «ዓባይ የሚወጣበትን፣ ጉማሬውን ላሳያችሁ?» ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋ ይጨምራልና አስቀድማችሁ ወስኑ። ጉማሬውም ቀጠሮ አያከብርም።

ዘጌ ከጀልባ ወርደሽ ወደ ኡራ ስትወጪ በቡና ጫካ ውስጥ ነው የምትሄጂው። ይህ ጫካ እንዲሁ በዕድል የተረፈ አይደለም። በባሕሉ መሠረት እዚያ ልሳነ ምድር ላይ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ነው፤ ክልከላውንም ከገዳሙ መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዙታል። ሰው የኖረው በቡናው ነው። ለባዮሎጂ መምህራችሁ ይቺን ንገሪው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምርባታል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ከልጅነታችሁ የምታውቁት ሁሉ እዚያ ፈልጉት፤ ውኃ የለመነውን ሰውዬ ስታገኙ ትደሰታላችሁ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ብልጭታውን አጥፉ፤ ቀለሙ ያረጀ ነው። ነጠላ ያልያዘች እንዳትኖር።

እሁድ ስለሆነ ግን ቅዳሴ አለ። ቅዳሴ ማስቀደስ የሚፈልጉ ሁለት አማራጭ አላቸው፦ ወይ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ይቀራሉ፣ ወይ እንደ ሥርዓቱ ሳይቀምሱ ዘጌ ሄደው እዚያው ያስቀድሳሉ። ሌላው ቅዳሴው እስኪያልቅ በጫካው ይዟዟር፤ በቅዳሴ መሐል ካሜራ ይዞ መግባት ነውር ነው። ቀኑ 16 ላይ ከዋለ ደግሞ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ሰው ይበዛል። እንደ ምእመን ከሄዳችሁ እሰየው፤ እንደ ጎብኚ ከሆነ ሌላ ቀን ይሻላል። በ6 ሰዓት ግን ሁሉም ምሳ ላይ ይገናኝ። ከዚያ ተነሥታችሁ ሳይመሽ ደብረ ማርቆስ ትገባላችሁ። መንገዱ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማምሸት አያስፈልግም።

ስለ መንገድ ካነሣን፣ ባለፉት ዓመታት የጎጃም መንገድ ምን እንደነበረ ለአንቺ አልነግርሽም። በሌሊት አትጓዙ። አርብ በ6 ሰዓት ከተነሣችሁ ሳይመሽ ባሕር ዳር ናችሁ። ዋዜማውን ሾፌሩን ጠይቂ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው በየቀኑ የሚመላለሰው ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ያለውንም ለብቻው ጠይቂ፤ ዋናው መንገድ ሰላም ነው ማለት ሁሉም ሰላም ነው ማለት አይደለም። ከባለ ኮስተሩ ጋር «መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ቀኑ ይቀየራል» የሚል ነገር በጽሑፍ ያዢ። ቢቀር ይቀራል፤ ዓባይ የትም አይሄድም።

በመሐል እንጅባራ ላይ ስትደርሱ «ዘንገና ሐይቅን እንየው» የሚል ይነሣል። ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅምና ያጓጓል። ስትሄዱ ከሆነ ይመሽባችኋል፤ ስትመለሱ እግር ለማፍታታት ሩብ ሰዓት ፍቀጂላቸው። «ግሽ ዓባይስ? ዳሞትስ?» ካሉሽ ግን በቃ በይ። የዓባይን ምንጭ፣ ፏፏቴውንና ጣናን በሁለት ቀን የሚል ሰው ሦስቱንም ከመስኮት ነው የሚያየው።

ምግብ ላይ አልከራከርሽም። ቅዳሜ ምሳ ሐይቁ ዳር አሳ ብሉ፤ ጠዋቱኑ ደውላችሁ ለ17 ሰው እዘዙ፤ አለዚያ ሁለት ሰዓት ትጠብቃላችሁ። «አሳ የጾም ነው አይደለም» የሚለውን ክርክር አርብ ማታ ራት ላይ የሚጀምር ሰው አይጠፋም። የሚበላው ይብላ፣ የማይበላው ሽሮውን ያዝዝ፤ ዳኛ እንዳትሆኚ። ለጢስ ዓባይ ጠዋት ድፎ ዳቦና በሶ ይዛችሁ ውጡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ሰብሳቢም ገንዘብ ያዥም አትሁኚ። ገንዘቡን ያንን የሒሳብ መምህር አስይዢው። ቀልዴን አይደለም። ከውጭ ሆኖ የሚተች ሰው ኃላፊነት ሲሰጠው ወይ ይጠነክራል ወይ ዝም ይላል፤ ሁለቱም ላንቺ ይጠቅምሻል። ቁጥር ላይም ጎበዝ ነው። ከእያንዳንዱ ሰው ለመጠባበቂያ ትንሽ ጨምራችሁ ሰብስቡ፤ ጎማ ይፈነዳል፣ ሰው ሆዱን ያመዋል። የሾፌሩንና የረዳቱን ምግብና መኝታ ከመጀመሪያው አስሉት፤ ብዙ ቡድን እሱን ረስቶ መጨረሻ ላይ ይሳቀቃል። ያልከፈሉትን አትለማመጪ። «እስከ መስከረም 25 ያልከፈለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ብለሽ በክበቡ ሰሌዳ ላይ ለጥፊና ዞር በይ። እሁድ ማታ እንደገባችሁ ሒሳቡን በቴሌግራም ይልቀቅላችሁ፤ የተረፈ ካለ ለክበቡ ስኳርና ቡና ይግዙበት።